ከድሬ ወርዶ በሸራ ሰሌዳ ባሕር ላይ መዋል፦ ዝርዝር መመሪያ ለጀማሪ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ባሕር ሩቅ ነው የሚል ሰው ርቀቱን አስልቶ አያውቅም። ከድሬ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ይርቃል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚያው ሰበብ ነው። ጅቡቲ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው የድሬ ቤት ብዙ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ሄደን ስንመጣ ብዙዎቻችን ባሕሩን ከዳር ቆመን አይተን፣ ቢበዛ እግራችንን ነክረን እንመለሳለን።

ይህን የጻፍኩት አንድ ቀን ዊንድሰርፊንግ ልሞክር ለሚል የድሬና የሐረር ሰው ነው። ነገሩ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራውን በሁለት እጅ ይዞ፣ በንፋስ ኃይል ውሃ ላይ መሄድ ነው። ሞተር የለውም። መቅዘፊያ የለውም። ፍሬንም የለውም። በጣም ደስ ይላል። ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ በኦሎምፒክ ይወዳደሩበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከዳርቻ ለመራቅ ሙያ አያስፈልግም፤ ንፋሱ ራሱ ይወስዳችኋል። ሙያ የሚፈልገው መመለሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ ወቅት ከመምረጥ እስከ ሸራ አያያዝ፣ የሚዞረው በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ነው። ጽሑፉ አስተማሪን አይተካም። የመጀመሪያ ቀናችሁን ብቻችሁን አትግቡ።

ወቅቱንና ቦታውን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አካባቢ የጅቡቲ ንፋስ በብዛት የሚመጣው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም ከባሕሩ በኩል ነው። አየሩም ለዘብ ይላል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ኸምሲን የሚሉት ትኩስና ደረቅ ንፋስ ከምዕራብ፣ ከበረሃው ይነሳል። አቧራውን እያንቀለቀለ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጀማሪ በዚህ ወቅት ባሕር ላይ ምንም ሥራ የለውም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የዕረፍት ጊዜ ነው ብሎ በክረምት የሚወርድ ሰው ዘመድ ይጠይቅ፣ ሸራውን ግን ለበጋ ያቆየው። እኔን ብትጠይቁኝ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

ቦታውን ለመምረጥ ካርታውን አስቡት። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወደ መሬት የገባ ውሃ ነው። ደቡባዊው ዳርቻ፣ ኮር አምባዶና የአርታ ባሕር ዳርቻ ያሉበት፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበጋ የምሥራቁ ንፋስ እዚህ ዳርቻውን እየታከከ ወይም በትንሹ ወደ መሬት እየገፋ ነው የሚነፍሰው። ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው። የታጁራ ከተማ ያለችበት ሰሜናዊው ዳርቻ ደግሞ ወደ ደቡብ ያያል። ያው ንፋስ ትንሽ ወደ ሰሜን ካዘነበለ እዚያ ሰውን ከየብስ ወደ ጥልቁ ይገፋል። ስለዚህ ጀማሪ በደቡቡ በኩል ይቆይ።

ሁለት ቦታዎችን ደግሞ ራቁ። አንደኛው የባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጉቤት የሚሉት ነው። ከቀረው ባሕር ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ ውሃው እዚያ በኃይል ይፈስሳል። ሁለተኛው የወደቡ አካባቢ ነው። ዶራሌ ላይ ትልልቅ መርከቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መርከብ እናንተን አይቶ ልቁም ቢል እንኳ ቶሎ አይቆምም። የውጭ አገር የጦር ሰፈሮችም አካባቢው ላይ አሉ። ንፋስ ወስዶን ነው ብሎ ወደ አጥራቸው መጠጋትም ሆነ ፎቶ ማንሳት ጣጣ ያመጣል።

እዚሁ ድሬ ሆናችሁ የምትጨርሱት ዝግጅት

መጀመሪያ ዋና። አለመቻል አያሳፍርም፤ ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ የት እንማር? ግን ሳይችሉ መግባት አይሆንም። የከተማው ሆቴሎች መዋኛ አላቸው። ገንዘብ ከፍሎ ሁለት ሦስት ወር መለማመድ ይቻላል። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ሳያርፉ 200 ሜትር መዋኘት፣ ከዚያ ምንም ሳይዙ 10 ደቂቃ በጀርባ መንሳፈፍ። ፍጥነቱ ምንም ይሁን። በጀርባ መንሳፈፍ የቻለ ሰው ሲደክመው አርፎ ማሰብ ይችላል። ላይፍ ጃኬት እለብሳለሁ፣ ዋና ምን ያደርግልኛል የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ጃኬቱ ያንሳፍፋችኋል እንጂ ወደ ሰሌዳችሁ አያደርሳችሁም።

ሁለተኛ፣ ጉልበትና ወገብ። ሸራ ከውሃ ሲነሳ የሚከብደው ለወገብ ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሳትን ልመዱ። አንድ ገመድ ከባድ ነገር ላይ አስራችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ በሰውነት ክብደት መሳብ ተለማመዱ። ክንዳቸውን ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይዝላሉ።

የሚቻለው ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት በሐይቅ ቢጀምር ጥሩ ነው። ላንጋኖ ንፋስም አለው፣ ለዋናም ሰው የሚመርጠው ሐይቅ ነው። ግን ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሰሌዳ የሚያከራይና የሚያስተምር ሰው መኖሩን ከድሬ ሳትነሱ በስልክ አረጋግጡ። ጅቡቲ ደርሶ ዳርቻ ለዳርቻ መፈለግ ቀኑን ይበላዋል። ስትጠይቁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የጀማሪ ሰፊ ሰሌዳ አላችሁ ወይ፣ ትንሽ ሸራ አላችሁ ወይ፣ ላይፍ ጃኬት አላችሁ ወይ፣ ሰው ቢቸገር የሚያወጣ ሞተር ጀልባ ቅርብ ነው ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አይደለም» ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ልኩን ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። የሰሌዳ መጠን በሊትር ይነገራል። የሰውነታችሁ ክብደት ላይ 100 ጨምሩ። 65 ኪሎ የሆነ ሰው 165 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል ማለት ነው። ቢበልጥ አይጎዳም። ሸራው ከ3.5 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ትልቅ ሸራ ይዛችሁ ለመታየት አትሞክሩ።

የሚያዝ ዕቃ

ሙሉ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ወይም ጠበቅ ያለ ቀጭን ሹራብ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ፣ በክር የሚታሰር ኮፍያ፣ ፊሽካ፣ ለስልክ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ መከላከያ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት፣ ኮምጣጤ፣ ፒንሴት፣ ፋሻ፣ ኦ.አር.ኤስ.። የቤቱን ሽርጥ አትርሱ። ከውሃ ስትወጡ ራስንም ትከሻንም ይሸፍናል። ፊሽካዋን ጃኬቱ ላይ እሰሩ። ቦርሳ ውስጥ የቀረች ፊሽካ ለማንም አትሰማም።

ጉዞው

ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአሁኑ ባቡር የሚነሳው ከለገሃሬ ሳይሆን ከከተማው ወጣ ካለው አዲሱ ጣቢያ ነው። ጅቡቲ የሚያደርሳችሁ ነገድ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ታክሲ ነው። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን አንድ ላይ አጣሩ። ባሕሩን ከጉዞው ጋር አንድ ቀን ውስጥ አታጣብቡት። አንድ ቀን ውረዱ፣ እደሩ፣ በማግስቱ ባሕሩ ላይ ዋሉ፣ በሦስተኛው ተመለሱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ሰዓት የሚቆጠረው በፈረንጅ ነው። የንፋስ ትንበያውም እንዲሁ። ትንበያው ላይ 14 ሰዓት ንፋስ ይበረታል የሚለውን ከቀኑ 8 ሰዓት ብላችሁ አንብቡ። እዚህ ላይ የተምታታበት ሰው ባሕር ላይ የሚሆነው ልክ መውጣት በነበረበት ሰዓት ነው።

የሐረር ሰው ለሙቀቱ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ፣ ጅቡቲ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ላብ ቶሎ ይተናል። እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ሰውነት ላይ ይቀራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሙቀት ለምጃለሁ የሚል የድሬ ልጅም በዚህ ይሸወዳል።

ጠዋት፣ ውሃ ከመንካታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ባሕሩን ማየት የቀኑ ትልቁ ሥራ ነው።

ማታውኑ ትንበያ እዩ። ዊንዲና ዊንድጉሩ የሚባሉት መተግበሪያዎች ንፋሱን በኖት ይነግሯችኋል። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጀማሪ ከ6 እስከ 12 ኖት ጥሩ ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ዛሬ አይሆንም። ምክንያቱም የንፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ10 ወደ 20 ኖት ሲወጣ ፍጥነቱ እጥፍ፣ ሸራው ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። የምሥራቅ ንፋስ ሲባል ከምሥራቅ የሚመጣ ማለት ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ቀስት ደግሞ የሚሄድበትን ያሳያል። ሁለቱን አታደባልቁ።

ከዚያ ዳርቻው ላይ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙራችሁ ቁሙ። ንፋሱ ፊታችሁን ከመታ ወደ መሬት ነው የሚነፍሰው። ብትደክሙ ወደ ዳርቻ ይመልሳችኋል፤ ሞገዱ ግን መግባቱን ያስቸግራል። ጉንጫችሁን ወይም ጆሯችሁን ከመታ ዳርቻውን ተከትሎ ነው። ለመማር ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ሄዶ መመለስ እኩል ይቀላል። ማጅራታችሁን ከመታ ከመሬት ወደ ባሕር ነው። አትግቡ። በቃ። ትንሽ ነው፣ ቅርብ ነው የምቆየው፣ ልጁ ጎበዝ ዋናተኛ ነው የሚባል ነገር የለም።

የማጅራት ንፋስ አደገኛ የሚሆነው መልኩ ስለሚያታልል ነው። ዳርቻው አጠገብ ኮረብታው ወይም ቤቱ ንፋሱን ስለሚጋርደው ውሃው መስታወት ይመስላል። ሞገድ የለም። ሰው ዛሬ ባሕሩ ተኝቷል ብሎ ይገባል። ሁለት መቶ ሜትር ሲርቅ ግን መጋረጃው ያልቅና ንፋሱ በሙሉ ኃይሉ ያገኘዋል። የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አሸዋው ደርቆ፣ በላያችን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ከላይ ከደጋው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው እንደዚያ ነበር። ቆማችሁ ያላችሁበት ቦታ ጸጥ ማለቱ ስለ ሩቁ ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ ሩቁን እዩ። ውሃው ላይ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ከጀመረ ንፋሱ 10 ኖት እየተጠጋ ነው። ባሕሩ በነጭ አረፋ ከተሞላ ለእናንተ በዝቷል። ጠቆር ያለ የተኮማተረ ውሃ እየሮጠ ሲመጣ ካያችሁ የንፋስ ግፊት ነው፤ ከደቂቃ በኋላ እናንተ ጋ ይደርሳል።

ሙላቱንም ጠይቁ። ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል። ጠዋት ተንሳፍፋችሁ ያለፋችሁበት ኮራል የሚሉት ሹል የባሕር ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ከውሃ ሥር በጉልበት ጥልቀት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ። ሶማሊኛ የሚችል ሰው እዚያ ሲሳካለት አይቻለሁ። ዛሬ ንፋሱ ወዴት ይዞራል፣ ውሃው የት ላይ ይጎትታል፣ ድንጋዩ የት ነው በሏቸው። ትንበያው የማያውቀውን ያውቃሉ።

በመጨረሻ ጠባቂ መድቡ። መሬት ላይ የሚቀር፣ ዓይኑን ከባሕሩ የማያነሳ አንድ ሰው። የሸራችሁን ቀለም ይወቅ። የጅቡቲ ሲም ያለው ስልክ ይያዝ። የአደጋ ጊዜ ቁጥርና የጀልባ ባለቤት ቁጥር ተጽፎ ይሰጠው። ስንት ሰዓት ላይ እንደምትወጡ ተስማሙ፤ በዚያ ሰዓት ካልወጣችሁ ሳያመነታ ይደውላል። ጠዋት ግቡ የምለውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ጠዋት ንፋሱ ይለዝባል፣ ከእኩለ ቀን በኋላ እየበረታ ይሄዳል። ሁለተኛ ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ለበርጫ ትቀመጣለች፤ ጀልባ የሚያንቀሳቅስ ሰው ፍለጋ ይከብዳል።

ዕቃውን መፈተሽ

የተከራያችሁትን አትመኑ፣ እዩት። ከሁሉ በላይ ምሰሶው ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚተጣጠፍ ጎማ ነው። በሁለት እጃችሁ አጥፉት። ጎማው ሲታጠፍ ስንጥቅ አፉን የሚከፍት ከሆነ ዕቃውን መልሱ። ይህ ባሕር መሃል ከተበጠሰ ሸራችሁ ለብቻ፣ ሰሌዳችሁ ለብቻ ነው። ሸራውን ከውሃ የምትስቡበት ማንሻ ገመድ ያላለቀ፣ ቋጠሮው የጠበቀ ይሁን። ሁለት እጅ የሚይዘው ጠምዛዛ ዘንግ፣ ቡም የሚሉት፣ በትከሻችሁ ልክ ይታሰር። ከሰሌዳው ሥር ያለው ክንፍ የማይነቃነቅ መሆኑን አረጋግጡ። መካከል ላይ የሚወርድ ትልቅ ምላስ ካለው ለጀማሪ ወርዶ ነው የሚሠራው፤ ወደ ንፋሱ መጠጋት የሚያስችለው እሱ ነው።

ሸራውን አሸዋ ላይ እንዲሁ ጥላችሁ አትሂዱ። ንፋስ አንስቶ ሰው ላይ ይጥለዋል።

ውሃው ላይ

ውሃው ጭናችሁ ጋ እስኪደርስ በእግር ግቡ፤ አለበለዚያ ክንፉ መሬት ይነካል። ሰሌዳውን ንፋሱ በጎኑ እንዲመታው አድርጋችሁ አቁሙት። ሸራው ንፋሱ በሚሄድበት በኩል ውሃው ላይ ይተኛ፤ የእናንተ ጀርባ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሁን።

በጉልበታችሁ ውጡ። ማንሻ ገመዱን ያዙ። ምሰሶው መሃል ሆኖ አንድ እግር ከፊቱ፣ አንድ እግር ከኋላው አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። አሁን ጀርባችሁን ቀጥ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ተደገፉ። መጀመሪያ ምንም አይነቃነቅም። ሸራው ላይ የተኛው ውሃ ነው የሚከብደው። አትታገሉት፤ ክብደታችሁን ጥላችሁ ጠብቁ። ውሃው በጠርዙ በኩል እየፈሰሰ ሲወርድ በድንገት ይቀላል። ብዙ ጀማሪ በጀርባው የሚወድቀው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። ቀለል ማለት ሲጀምር እናንተም ቀና እያላችሁ እጅ በእጅ ገመዱን ሰብስቡ። ምሰሶውን ስትይዙ ሸራው ከፊታችሁ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል። ይህ የዕረፍት ቦታችሁ ነው። ግራ በገባችሁ ቁጥር እዚህ ተመለሱ።

ለመሄድ ከሩቅ አንድ ምልክት ምረጡ፣ እሱን እዩ። እግራችሁን አትዩ። የፊት እጃችሁን ቡሙ ላይ አድርጉ። ምሰሶውን ሸራው እስኪቀላችሁ ድረስ ወደ ንፋሱ መምጫ ሳብ አድርጉ። የኋላ እግራችሁን ወደ ኋላ ውሰዱ፣ የፊቱን ከምሰሶው አጠገብ ወደ ፊት አዙሩ። ከዚያ የኋላ እጃችሁን ቡሙ ላይ አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሰሌዳው ይነሳል።

ለማቆም የኋላ እጃችሁን ልቀቁ። ይህን ደጋግማችሁ ተለማመዱ፤ ፍሬናችሁ ይኸው ነው። ግፊት ሲመጣ ሁለቱንም እጅ አጥብቆ መያዝ የሰው ተፈጥሮ ነው፣ ግን እሱ ነው ወደ ፊት የሚወረውራችሁ።

መሪ የለም። የሚመራው ሸራው ነው። ምሰሶውን ወደ ኋላ ስታጋድሉ የሰሌዳው ፊት ወደ ንፋሱ ይዞራል፤ ወደ ፊት ስታጋድሉ ከንፋሱ ይሸሻል። ለመዞር ማንሻ ገመዱን ይዛችሁ ሸራውን በሰሌዳው ጭራ በኩል አሻግሩት፤ በትንንሽ እርምጃ ምሰሶውን እየዞራችሁ ወደ ሌላው ጎን እለፉ። ቀጥታ ወደ ንፋሱ መሄድ ለማንም አይቻልም። ከንፋሱ 45 ዲግሪ ገደማ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ነው ወደ ላይ የሚወጣው።

እና አሁን የምነግራችሁን ሕግ አድርጉት። 50 ሜትር ሂዱ፣ ዙሩ፣ ተመለሱ። የጀመራችሁበት ቦታ ላይ በትክክል መድረሳችሁን እዩ። በንፋሱ በኩል ዝቅ ብላችሁ ከደረሳችሁ ገና ወደ ላይ መውጣት አልቻላችሁም ማለት ነው። ይህ እስኪስተካከል ከ50 ሜትር አትለፉ። እየተመቻችሁ ሲሄድ ያኔ 100 ይሆናል።

መውደቅ አይቀርም። በጀርባ፣ በጠፍጣፋው ውደቁ። በራስ አትዝለሉ፤ ሥሩ ኮራል ሊሆን ይችላል። ከውሃ ስትወጡ አንድ እጅ ከራስ በላይ ይሁን፣ ምሰሶው እየወደቀ ይሆናል። ሸራ ሥር ከወጣችሁ አትደንግጡ። በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ አየር ታገኛላችሁ። ከዚያ ምሰሶውን ይዛችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ፣ ትወጣላችሁ።

ንፋሱ ሲወስዳችሁ

ደክሟችኋል። ሸራውን ማንሳት አቅቷችኋል። ዳርቻው እየራቀ ነው። ይህ በጎበዝም ላይ ይደርሳል፤ ምን እንደምታደርጉ ከመግባታችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ሰሌዳውን አትልቀቁ። ከምንም በላይ ይህን ያዙ። ዳርቻው ቅርብ መስሎ ይታያችኋል፣ ልዋኝ ትላላችሁ። አትዋኙ። ሰሌዳው አይሰምጥም፣ ከሩቅም ይታያል። የሰው ራስ ግን ሞገድ መሃል በጀልባ ፈልገውም አያገኙትም።

ቀጥሎ ሸራውን ውሃ ውስጥ ተዉት፣ ተቀመጡ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። የተዘፈቀ ሸራ እንደ መልሕቅ ይጎትታል፤ ንፋሱ የሚወስዳችሁ ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚያ ሸራውን ሰሌዳው ጭራ ላይ አስተኝታችሁ በደረታችሁ ተኙና በእጃችሁ ቅዘፉ። ወደ ተነሳችሁበት ቦታ ካልደረስኩ አትበሉ። የትኛውም መሬት መሬት ነው። ንፋሱን ፊት ለፊት ከመግጠም አግድም እየቆረጡ ወደ ቅርቡ ዳርቻ መሄድ ይሻላል።

ሸራው ካስቸገራችሁ ፈትታችሁ ጣሉት። የሰው ዕቃ ነው፣ ያስከፍሉኛል ብሎ የሚያመነታ ሰው አለ። ይክፈሉት። ሸራ ይገዛል።

እርዳታ ለመጥራት ሰሌዳው ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱን ክንዶች ወደ ጎን ዘርጉ፤ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ወደ ታች አውርዱ። መላልሱት። ይህ በየትኛውም ባሕር የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። በአንድ እጅ ማውለብለብ ሰላምታ ይመስላል፤ ሰው መልሶ ያውለበልብላችኋል።

ዳርቻው አካባቢ በእግር ቆማችሁ ውሃ ወደ ውስጥ ቢጎትታችሁ ደግሞ፣ ፊት ለፊት አትታገሉት። የሚጎትተው ውሃ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ዳርቻውን ተከትላችሁ ወደ ጎን ዋኙ፣ ከጉተታው ስትወጡ ወደ መሬት ተመለሱ። ሞገድ በሚሰበርበት ዳርቻ መሃል ላይ ሞገድ የሌለባት ጸጥ ያለች ቦታ ካያችሁ መግቢያ መስላችሁ አትሂዱባት፤ ውሃው ወደ ባሕር የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

ከውሃው በታች ያለው

የባሕር ጃርት፣ ጥቁር እሾሃሙ ፍጡር፣ ድንጋይና ኮራል መሃል ይኖራል። ወፍራም ጫማ ያላችሁ ለዚህ ነው። አሸዋ ላይ ስትራመዱ እግራችሁን አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሸዋ ለብሶ የተኛው ጠፍጣፋ ዓሣ ጭራው መርዛማ እሾህ አለው፤ ንዝረቱን ሲሰማ ራሱ ይሸሻል። ድንጋይ የሚመስለው ዓሣ ግን አይሸሽም፣ ጀርባው ላይ ያሉት እሾሆች አደገኛ ናቸው። በእነዚህ የተወጋ ሰው የተወጋውን ቦታ የሚቻለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይዘፍዝፍ። ሙቀቱ መርዙን ያዳክማል፣ ሕመሙንም ይቀንሳል። እንዳይቃጠል ያልተወጋው ሰው በእጁ ይሞክረው። ከዚያ ሐኪም ቤት።

ጄሊፊሽ የሚሉት ዝልግልግ ፍጡር ከነካችሁ አትሹት፣ ጨው የሌለው ውሃም አታፍስሱበት። በባሕር ውሃ እጠቡት፣ ቀሪውን በፒንሴት አንሱ፣ ኮምጣጤ አፍስሱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ፈጥናችሁ ውሰዱት። የኮራል ጭረት ትንሽ ቢሆንም በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይጽዳ፤ በሙቀት ቶሎ ያመረቅዛል።

ከኅዳር እስከ ጥር አርታ አካባቢ ከ10 ሜትር በላይ ሊሆን የሚችል ግዙፍ ዓሣ ብታዩ አትደንግጡ። ዌል ሻርክ ነው፣ ምግቡ ጥቃቅን ነገር ነው፣ ሰው አይነካም። ሰሌዳችሁን ግን አርቁለት። የሰሌዳው ክንፍ ጀርባውን ይቆርጠዋል።

ሙቀቱና ጫቱ

የባሕር ንፋስ ሙቀቱን ይደብቃል። ቆዳችሁ ሲቃጠል አይሰማችሁም። ቅባቱን በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። በየ40 ደቂቃው ወጥታችሁ ጥላ ሥር ጠጡ። ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቀኑ አልቋል። ሰውየው ከተንገዳገደ ወይም ከተደናገረ በጥላ አስተኝታችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጫትን በግልጽ ልናገር። ስለ አገራችን ልማድ ለመፍረድ አይደለም። ጫት የልብ ምትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ድካምን ያስረሳል። ባሕር ላይ ድካም ማስጠንቀቂያችሁ ነው። የማይደክመው የመሰለው ሰው አቅሙ ካለቀ በኋላ ነው የሚያውቀው። ሳይተኙ ያደረ ሰውም ያው ነው። ዋዜማው ላይም፣ በዕለቱም ይቅር።

ሰው ውሃ ከዋጠ

የሚሰምጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም። ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አፉ ውሃ ልክ፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች እየገፉ ቀጥ ብሎ ይታያል። ደህና ነህ ብላችሁ ካልመለሰ ድረሱለት፤ ነገር ግን ባዶ እጃችሁን አይደለም፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት።

ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን አትጫኑ፣ ዘቅዝቃችሁም አትያዙት። ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ሰው ይደውል። አገጩን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ በአፉ ትንፋሽ ስጡ። ለውጥ ከሌለ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት። ከዚያ 2 ትንፋሽ። 30ና 2 እያላችሁ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ይህን ድሬ እያላችሁ ተለማመዱት።

ነቅቶ ደህና ነኝ የሚል ሰውም ውሃ ሳንባው ከገባ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ሊመጣበት ይችላል። ቲኬቱ ተቆርጧል ተብሎ ባቡር ላይ አይጫንም። መንገዱ ረጅም ነው፣ መሃሉ በረሃ ነው፤ ያን ሌሊት ጅቡቲ ሐኪም ቤት ይደርና የባቡሩ ቀን ይለወጥ።